ቁጥር ሦስት

«መጀመሪያ ይመቻቹ፤ ወንበሩን ያስጠጉ፣ ያርቁ፤
መስታወቶቹን ያስተካክሉ፤ አይጣደፉ፣ አይጨነቁ።
ከዚያ ይህችን ተጭነው፣ ቁጥርዎን ይንኩ በጣት፤
ጢጥ ትላለች። በቃ። አትረሳዎትም በሕይወት።»

ሻጩ ነው እንዲህ ያለን፣ ሮቫኒዬሚ፣ ዝናብ ቀን፣
በሩ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተደረደሩ
ሦስት ቁልፎች እያሳየን።

እኔ አንድን ወሰድኩ፤ አጭር ነኝ፣ ደረቴ መሪ የሚነካ፤
አንተ ሁለትን፣ ታውኖ፣ ሠላሳ ዓመት ግንድ ያጓጓዝክ፣
ቁመትህ ከበር መቃን የሚለካካ።
ሦስተኛዋ ባዶ ቀረች። «ለእግዜር እንግዳ» ብለህ ሳቅክ።
ክረምት ኬሚያርቪ ሲገባ ፖስተኛው እንኳ የሚረሳን ሰዎች!

ጠዋት ጠዋት አንተ ነዳህ፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔ፤
ወንበሩ ሲሄድ ሲመጣ፣ እያቃሰተ እንደ ጎኔ፤
አንድን ስጫን ከነቦርሳዬ ወደ ፊት ይገፋኛል፣
ሁለትን ስትጫን ይሸሻል፣ ለጉልበትህ ቦታ ይለቃል፤
መስታወቶቹም እንደ ድመት ጆሮ ዞር ዞር ብለው
ዓይንህን ይፈልጋሉ።

ከዚያ ሐኪሙ የጀርባህን ፎቶ መብራት ላይ ዘርግቶ
«ሰባት ሴንቲ ሜትር» አለ። ሰው እንደ ሻማ ያልቃል፣ ከላዩ በርቶ።
ስንመለስ ሁለትን ተጫንክ። ወንበሩ ምን ያውቃል?
የድሮውን ሰውዬ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደ፤
እግርህ ፍሬኑን አጣ፣
መስታወቱም ሰማይ ብቻ አሳየህ፦ የጥድ ጫፍና ሁለት ቁራ።
ጠርዙ ላይ ተንጠላጥለህ ነዳህ፣ እስከ ቤት፣ ቃል ሳይወጣህ።
ራት ላይ «መብራት ሳላጠፋ» ብለህ ወጣህ። ቆየህም።
አልጠየቅኩህም።

«ቀይረው» አላልኩህም። መቀየር ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ ላንተ ሞት፤
ሁለት ቁጥር ብቻ አልነበረችም፣
ደረትህን ነፍተህ የምትገባባት ቤት።
ስታንኮራፋ ጠብቄ በካልሲ ጋራዥ ወረድኩ፤
የልብስ ሜትሬን በአንገቴ፣ ሁለት ትራስ በብብቴ።
ሱሪህን ሦስቴ ያሳጠርኩ ነኝ፤ ልክህን ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል?
ወንበሩን አራት ጣት አስጠጋሁ፣ መስታወቱን ዝቅ። ጢጥ።
ውጭ በረዶው ዝም ብሎ ይወድቃል።

በማግስቱ ተቀመጥክ፣ ተጫንክ፤ «ይኸው» አልክ፣ «አልረሳችኝም»፤
እኔም ጓንቴን እያጠለቅኩ «እንዴት ብላ!» አልኩ፤
ዓይንህን ግን አላየሁም።

በየመኸሩ እንዲሁ። ሁለት ጣት። አምና አንድ ጣት ተኩል።
እንደ ሌባ ገብቼ ወጣሁ፤ ጠዋት አንተ መሪውን ስትይዝ
ፊትህ የልጅ ይመስላል።

ዛሬ መድኃኒትህን ላመጣ ወጣሁ። ጨለማ፤ ወፍራም ጓንት።
አንድን የነካሁ መሰለኝ፤
ጣቴ ያረፈው በሦስት።
ባዶዋ! ወንበሩ ግን ተነሣ፤ ሄደ፣ ሄደ፣ አልቆም አለ፤
እግሬ ከወለሉ ለቀቀ፣ መስታወቱ ቀና አለ፤
ሰማይ። የጥድ ጫፍ።
ይህን ልክ አውቀዋለሁ። ሮቫኒዬሚ፣ ዝናብ ቀን፤
ሰባቱም ሴንቲ ሜትር በቦታው።

መብራቱ ጠፍቶ ነበር፣ ታውኖ። ለካ ያን ማታ
እኔ ከመምጣቴ በፊት ወርደህ፣ ያን ረጅሙን ሰውዬ
በእንግዳው ቁጥር አስተኝተህ፣
ሁለትን ለእጄ ለቀህልኝ፣ ወጥተህ ተኛህ።
ታዲያ ማንኮራፋትህስ? እሱም የውሸት ነበር?

ፋርማሲው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።
እግሬን አንጠልጥዬ ትንሽ ቆየሁ፤
አንተ ስትነዳኝ ታየው የነበረውን ለማየት ተንጠራራሁ፣
አልደረስኩበትም።
ከዚያ አንድን ተጫንኩ፤ እያቃሰተ አመጣኝ።

ማታ ግን ሜትሬን ይዤ እወርዳለሁ። አንኮራፋ።
ሁለት ዘንድሮም ሰፍታሃለች።